ባሌና ወንድሜ የተጋጩበት መታጠፊያ

ወንድሜ ባሌን አውቆ እንደገጨው አይቻለሁ። ከእነሱ የነበረኝ ርቀት ከአንድ መማሪያ ክፍል ስፋት አይበልጥም። አቧራ አልነበረም፤ በዋዜማው ዘንቦ መሬቱ ረጥቦ ነበር። ፀሐይዋም ከጀርባዬ እንጂ ከፊቴ አልነበረችም። ይህን ሁሉ የምናገረው ከዚያ ቀን ወዲህ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ገበያ ላይ ይጠይቁኛል፤ ለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ እያማሰሉ ይጠይቁኛል። እርግጠኛ ነኝ። ባታዪ ይሻልሽ ነበር የሚሉኝም አሉ። አይሻለኝም። ያደረጉት እነሱ፣ ማየት ያልነበረብኝ እኔ!

ወንድሜና እኔ የአንኮበር ልጆች ነን። አባታችን ቄስ ናቸው፤ እናታችን ደግሞ ቤቱንም፣ እርሻውንም፣ አባታችንንም የምታስተዳድር ሴት ናት። እኔ ተምሬ ደብረ ብርሃን የስፖርት አስተማሪ ሆንኩ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ተወና ሞተር ገዝቶ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሰውና ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። ያን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም ውስጥ ሲነዳው ያየ ሰው ወይ ያደንቀዋል ወይ ያማትባል። እናቴ ታማትብ ነበር።

ባሌን ያመጣልኝ እሱ ነው። ባሌ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንኮበር መውጫ በኩል የሞተር ጋራዥ አለው። ወንድሜ ሞተሩ ተበላሽቶበት እዚያ ሲያስጠግን ውሎ መጣና «እትዬ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ፤ እንደኔ እብድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። በሠርጋችን ቀን የሙሽራዋ ወንድም መሆኑን ትቶ የሙሽራው ሚዜ ሆነ። እናቴ ተቆጣች፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ ግቢያችን ውስጥ ሞተር ፈታትተው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ዘይት ሆኖ፣ ምሳ ቀርቦ እየቀዘቀዘ እንኳ አይነሱም ነበር። እየተቆጣሁ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ቁጣዬ እንዲህ ቀላል ነበር።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። የከተማው ሞተረኞች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የመወዳደሪያ መንገድ ጠረጉ። ጉብታ አለው፣ ጭቃ አለው፣ ጠባብ መታጠፊያ አለው። ከደብረ ሲና፣ ከደነባ፣ ከሰላ ድንጋይ ሳይቀር ሞተራቸውን በአይሱዙ ጭነው የሚመጡ ነበሩ። ውድድሩ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ይካሄዳል፤ በየውድድሩ ነጥብ ይያዛል፤ መጨረሻ ላይ ብዙ ነጥብ ያለው ዋንጫውን ይወስዳል። ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ያ የደብረ ብርሃን ንፋስ ፊቱን እየገረፈው ቆሞ ያያል።

የስፖርት አስተማሪ ስለሆንኩ ማኅበሩ ዳኛ ሁኚልን አለኝ። ሥራዬ ከሁሉም ከባድ በሆነው መታጠፊያ ዳር ባንዲራ ይዞ መቆም ነው። ሰው ከወደቀ ከኋላ ለሚመጡት ቢጫውን አውለበልባለሁ፤ የሆነውን አይቼ ለማኅበሩ ሰብሳቢ እናገራለሁ። ገና ከመጀመሪያው ነግሬያቸዋለሁ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው። «ባሌም ወንድሜም ይወዳደራሉ፤ ሌላ ሰው ቢቆም ይሻላል» አልኳቸው። ሳቁና «ሁለቱም ያንቺ ከሆኑማ ለማን ታዳያለሽ?» አሉኝ። ይህን አባባላቸውን ያዙልኝ።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ከሁሉም ልቀው ሄዱ። አንዱን ውድድር ባሌ ሲያሸንፍ ቀጣዩን ወንድሜ ያሸንፋል። መጀመሪያ ላይ ተቃቅፈው ነበር ከሜዳ የሚወጡት። ከዚያ መተቃቀፉ ቀረ። ከዚያ ወንድሜ እሑድ ቤታችን መምጣቱን ተወ፤ ሞተሩንም ሌላ ጋራዥ ይወስድ ጀመር።

«ቀድሞም የሚመጣው ሞተሬ ላይ ምን እንደቀየርኩ ሊሰልል ነው» አለኝ ባሌ።

«ወንድሜ እኮ ነው።»

«ሜዳ ላይ ወንድም የለም» አለኝ።

ይህን አባባል ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ወንድሜም በዚያው ሰሞን በስልክ ቃል በቃል እንዲሁ አለኝ። ዘጋሁበት።

የመጨረሻው ውድድር ቀን ሒሳቡ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ወንድሜ በትንሽ ነጥብ ይመራል። ባሌ ቀድሞት ከገባ ዋንጫው የባሌ ነው። ሁለቱም ወድቀው ካልጨረሱ ግን ዋንጫው የወንድሜ ነው። ይህን ሜዳው ዳር በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች እንኳ ያውቁት ነበር። ወንድሜም ያውቀዋል።

ውድድሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወንድሜ ከፊት፣ ባሌ ከኋላ ሆነው ወደ እኔ መጡ። ከመታጠፊያው በፊት ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ባሌ አለፈው። ምንም ሳይነካው፣ ሙሉ በሙሉ ቀድሞት መታጠፍ ጀመረ። እዚያ ቦታ ላይ ማንም ሞተረኛ ፍሬን ይይዛል፤ ካልያዘ ይወድቃል። እዚያ ቆሞ የዋለ ሰው ድምፁን ይለምደዋል፤ ሞተሩ ሲጮህ ሲጮህ ይመጣና እዚያ ሲደርስ ዝቅ ይላል። የባሌ ሞተር ዝቅ አለ። የወንድሜ ጨመረ። ቀና ብሎ ባሌን አየው፤ መሪውን ማጠፍ ሲገባው ቀጥ አድርጎ ያዘውና ነዳጅ ሰጠ። የፊት ጎማው የባሌን ሞተር ወገቡ ላይ መታው።

ባሌ ተወርውሮ ወደቀ። ወንድሜም አብሮ ወደቀ፤ ግን እሱ እንደሚወድቅ ያውቅ ስለነበር ተንከባልሎ ተነሳ። እኔ ባንዲራዬን አውለበልባለሁ፤ እጄ ሥራውን ይሠራል፤ አፌ ግን የማንን ስም እንደሚጠራ አላወቀም። ወንድሜ ሄልሜቱን አወለቀ። ባሌ ትከሻውን ይዞ እግሩ ሥር ይንፈራገጣል። እሱ ግን ወደ ባሌ አላየም። ያየው ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ወደተቀመጠበት ድንኳን ነው። ከግጭቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ አስተያየት ነው። ልጅ ሆኖ በጀርባዬ ያዘልኩትን ሰው አላወቅኩትም።

ባሌ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ አብሬው አልሄድኩም። ይህም እስከ ዛሬ ይወራብኛል። ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት ያየሁትን መናገር ነበረብኝ። ድንኳኑ ውስጥ ገባሁና «አውቆ ነው የገጨው» አልኩ።

የማኅበሩ ኮሚቴ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህርት፣ ባልሽ ተጎድቷል፤ ደንግጠሻል። ይገባናል።»

«አልደነገጥኩም።»

«እንደ ሚስት መናገርሽ ክፋት የለውም። ግን የሚስት ቃል…»

«እህቱም ነኝ እኮ!» አልኳቸው። «ለማን ታዳያለሽ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

በውድድር ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው ብለው ወሰኑ። ወንድሜ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ሲያነሳ ሰዉ አጨበጨበ። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ፣ ልብሱ ላይ የተረጨውን ጭቃ እያራገፈ፣ «ጮሌ! ጨዋታ ማለት ይህ ነው!» አለ። ባንዲራዬን ጠቅልዬ ከሜዳው ወጣሁ። ሆስፒታል እስክደርስ ድረስ በእግሬ ስሄድ ብቻዬን እየተናገርኩ ነበር፤ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

ባሌ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲተኛ እናቴ ልትጠይቀው ከአንኮበር መጣች። እሱ ዘንድ ጥቂት ተቀምጣ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ወንድምሽን በአደባባይ አዋረድሽው» አለች።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ብታዪስ? አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«እማዬ፣ እዚያ የቆምኩት ለዚያ ነው። ሥራዬ ነው።»

«እኔ አንድ ወንድም ነው የወለድኩልሽ» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አላባበልኳትም። ትከሻው የተሰበረው ሰው ማዶ ክፍል ተኝቶ ያቃስታል፤ እሷ የምታለቅሰው ስሙ በክፉ ለተነሳው ልጇ ነው።

ወንድሜ ቆይቶ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። ሊክድ የመጣ መስሎኝ ነበር። አልካደም።

«እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አውቄ ነው» አለኝ፤ እንደ ቀልድ ፈገግ ብሎ። «ግን እሱም በኔ ቦታ ቢሆን ያደርገዋል። በቴሌቪዥን የምናያቸው ትልልቆቹስ ስንቴ አደረጉት? ሻምፒዮን ተብለው የለም እንዴ?»

«እንግዲያው ይህንኑ ለኮሚቴው ንገራቸው።»

«ዋንጫውን እንድመልስ?»

«አዎ።»

ሳቀ። «አውቀሽ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለኝና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። በማግስቱ ኳስ ሳጫውት አንድ ተማሪ ጓደኛውን ጠልፎ ጣለው። ከሜዳ ሳስወጣው «ቲቸር፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ። ከሚገባው በላይ ጮህኩበት፤ ክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ በመስኮት እስኪያዩኝ ድረስ።

ባሌስ? ባሌ ክንዱን አንገቱ ላይ በጨርቅ አንጠልጥሎ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ «ሚስቴ ከገዛ ወንድሟ ይልቅ ለኔ ቆመች» ይላል። አንድ ቀን በሰው ፊት ሲለው ሰማሁት።

«ላንተ አልቆምኩም» አልኩት። «መታጠፊያው ላይ ነው የቆምኩት።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም ነበር።

ከዚያ አገሩ አልረጋ ብሎ ሞተር መንዳት የተከለከለበት ጊዜ መጣና ውድድሩ ቆመ። ወንድሜ ሥራ ፈትቶ አንኮበር ገባ። ባሌ ትከሻው ድኖ ጋራዡ ውስጥ የራሱን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ወንድሜን በስሙ መጥራት ትቶ «ያ ሰውዬ» ይለው ጀመር። ውድድሩ እንደገና ሊጀመር ነው ሲባል ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«ሜዳ ላይ እንዳትነካው። ቃልህን ስጠኝ።»

«እኔ እንደ እሱ ነኝ እንዴ?» አለኝ፤ ቅር ብሎት። አመንኩት።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ከዳኝነቱ እንድለቅ በሰው ላኩብኝ። ሄጄ «ዋሽታለች ብላችሁ በሞተረኞቹ ሁሉ ፊት ተናገሩና እለቃለሁ» አልኳቸው። ያን ማለት አልፈለጉም። ስለዚህ ባንዲራዬን ይዤ እዚያው ቦታ ቆምኩ።

ከመቋረጡ በኋላ የመጀመሪያው ውድድር ነበር። ዋንጫ የሚያሰጥ ቀን አይደለም፤ ነጥቡም ገና መቆጠሩ ነው። ወንድሜ ከፊት ሆኖ መታጠፍ ጀመረ፤ ሞተሩ ዝቅ አለ። ከኋላው ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ መቀነስ ባለበት ቦታ ጨመረ። ጮህኩ። ባሌ ሰፊ ቦታ እያለው ቀጥ ብሎ ሄደና ወንድሜን ከጎኑ መታው። ወንድሜ ወደቀ፤ ሞተሩም እግሩ ላይ ወደቀ።

ባንዲራውን አጠገቤ ለቆመች ሴት ሰጥቼ «አውለብልቢ!» አልኳትና ሮጥኩ። ሞተሩን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። ወንድሜ «እትዬ፣ እግሬን! እግሬን!» ይላል። ሱሪው በደም ርሷል። ባሌ አልወደቀም ነበር፤ ሞተሩን አቁሞ መጣ።

«አላየሁትም» አለ።

«ፊትህ ነበር!»

ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አሁን ተካክለናል» አለኝ።

ተካክለናል! አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ እግሩን ሰጥቶ ሁለቱ ተካከሉ። እኔ የት እንደቆምኩ፣ ምን እንደሆንኩ የሒሳቡ አካል አልነበረም። በጥፊ ልመታው እጄን አነሳሁ፤ ወንድሜ እንደገና ሲጮህ ተውኩትና ወደ እሱ ጎንበስ አልኩ።

ወንድሜን መኪና ውስጥ አስገብተን ከሸኘሁ በኋላ ያንኑ ድንኳን ገባሁ። «ባሌ አውቆ ነው የገጨው» አልኩ። በዚህ ጊዜ ማንም ደንግጠሻል አላለኝም። አንዱ የኮሚቴ አባል «በገዛ ባሏ ላይ መስክራ ምን ጥርጥር አለ?» አለ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቃልሽ ከባድ ነው መምህርት» አሉኝ።

«ያን ጊዜስ የቀለለው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። «ዓይኔ ያው ነው። ቦታው ያው ነው። ያን ጊዜ ሰምታችሁኝ ቢሆን ይህ ልጅ ዛሬ እግሩ አይሰበርም ነበር።»

«ያለፈውን አሁን አናንሳው» አሉኝ።

ባሌን ለዓመት ያህል ከውድድር አገዱት። የወንድሜን ዋንጫ ግን አልነኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። ያኔ አዋረድሽው ብላ ያለቀሰችው እናቴ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አቅፋኝ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ለወንድምሽ ደረስሽለት» አለችኝ። ከእቅፏ ወጣሁ። ለሱም አልደረስኩም፤ ለማንም አልደረስኩም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ይህን ለመረዳት ምን ያህል መማር ያስፈልጋል? በሌላ በኩል አማቴ ቤቴ መጥተው «ልጄ እባብ አቅፎ ነው የሚተኛው» ብለውኝ ሄዱ። ባሌ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ጋራዡ ውስጥ ማደር ጀመረ። ያን ጊዜ ለኔ ቆመች ብሎ የነገራቸው ሰዎች ዛሬ ከዳችኝ ሲላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል።

ወንድሜ አዲስ አበባ ታክሞ ሲመለስ እግሩ ቢገጥምም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያነክሳል። በፋሲካ ሰሞን ሽማግሌዎች አንኮበር እናትና አባቴ ቤት ሰበሰቡን። ባሌ መጣ። ወንድሜ በከዘራ ተደግፎ ወጣ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ወንድሜ ቀና አደረገው፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። እውነት ለመናገር እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። አባቴ መስቀላቸውን አሳለሟቸው። ምግብ ቀረበ። ትንሽ እንደቆየን ወንድሜ «አንተ፣ መግጨቱን ከኔ ነው የተማርከው፤ ግን ከኔ በልጠህ ቻልክበት፤ አልወደቅክም!» አለው። ባሌ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ የሌላውን አመታት በእጁ ሲያሳይ ሽማግሌዎቹም አብረው ይስቁ ጀመር። እናቴም ሳቀች።

ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም ተነሺና ሁለቱንም ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ለምኑ?»

«ቤተሰቡን ለያየሽው። አንዱን በአንዱ ላይ አስነሳሽ።»

«እኔ?» አልኩ። «እሱ ትከሻ ሰበረ፤ እሱ እግር ሰበረ። የለያየሁት እኔ ነኝ?»

«እነሱ ታርቀዋል፤ የእነሱ አልቋል» አሉ።

ባሌን አየሁት። ወደ ትሪው አቀረቀረ። ወንድሜ ከዘራውን እጁ ላይ ያሽከረክራል። አባቴን አየኋቸው። በየእሑዱ ስለ እውነት ሲሰብኩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ አንድ ቃል ከእሳቸው ብትወጣ ይበቃኝ ነበር። አባቴ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከተው ወደ በሩ ተመለከቱ።

«አልጠይቅም» አልኩ። «ያላጠፋሁትን አልጠይቅም። ደግማችሁ ብታደርጉትም ደግሜ እናገራለሁ።» እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። ውጭ ጉሙ ከቆላው ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ አምስት ሜትር አያሳይም። ባሌ ተከትሎኝ ወጣ።

«አንዲት ቃል ብትያቸው ምን ይጎድልብሻል?» አለኝ።

«አንተስ ያኔ ለኮሚቴው አውቄ ነው ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር?»

መኪና እስኪመጣ አጠገቤ ቆመ።

ባሌ ወደ ቤት ተመልሷል። ወንድሜ ውድድር አቁሞ ባሌ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ሁለቱ እንደ ድሮው እጃቸው እስከ ክርናቸው ዘይት ሆኖ ይውላሉ። እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል። ማኅበሩ ዘንድሮም ዳኛ ሁኚልን ሲለኝ አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ ሰብሳቢው ከውድድሩ በፊት በማይክሮፎን፣ የመታጠፊያ ዳኛ ቃል የማንም ሚስት ትሁን የማንም እህት፣ የዳኛ ቃል ነው እንዲሉ። አንገራገሩ፤ ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተው ሊያግባቡኝ ሞከሩ። በመጨረሻ አሉት፤ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ማስታወቂያ አንብበው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ። ሰዉ አላጨበጨበም። እኔም ጭብጨባ አልጠበቅኩም፤ ባንዲራዬን ይዤ ወደ ቦታዬ ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት ባሌ ራት እየበላን ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁንም ተናደሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ጨው አቀብዪኝ አለ። አቀበልኩት።